በርናር ጊ

በርናር ጊ (በላቲን በርናርዱስ ጊዶኒስ፤ በ1261 ወይም በ1262 ተወልዶ ዲሴምበር 30 ቀን 1331 የሞተ) ፈረንሳዊ የዶሚኒካን ማኅበር መነኩሴ፣ የታሪክ ጸሐፊ፣ ጳጳስ እንዲሁም ከ1307 ጀምሮ ለአሥራ ስድስት ዓመታት ያህል በቱሉዝ ከተማ የመናፍቃን መርማሪ ነበር። የመካከለኛውን ዘመን የሚያጠኑ ሊቃውንት በመጻሕፍቱ ያውቁታል። ሌላው አንባቢ ግን ስሙን የሚሰማው በአብዛኛው ጣሊያናዊው ደራሲ ኡምቤርቶ ኤኮ በ1980 ባሳተመው «የጽጌረዳ ስም» በተባለው ልብ ወለድና ከእሱ በተሠራው ፊልም ውስጥ ባለው ክፉ ገጸ ባሕርይ ምክንያት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የፊልሙ በርናር ጊ የሚያስፈራው በቁጣው፣ በጭካኔውና ይዞ በሚዞረው የማሠቃያ መሣሪያ ነው። የታሪኩ በርናር ጊ እንዲህ ያለ ሰው ስለመሆኑ ማስረጃ የለም። ታጋሽ፣ ሥርዓት አክባሪ፣ የማይደክም ጸሐፊና የመዝገብ ሰው ነበር። ይህ ማለት ግን ደግ ነበር ማለት አይደለም። በእሱ ዘመን በቱሉዝ አካባቢ ይኖሩ ለነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ከቁጡ ሰው ይልቅ አደገኛ የሆነው ይኸው መዝገብ ያዥነቱ ነው።

ትውልድና ምንኩስና

በርናር የተወለደው በመካከለኛው ፈረንሳይ፣ በሊሙዛን ግዛት፣ ሮዬር በምትባል ትንሽ መንደር ነው። በወጣትነቱ በሊሞዥ ከተማ ወደሚገኘው የዶሚኒካውያን ገዳም ገባና በ1280 የምንኩስና ቃል ኪዳኑን ፈጸመ። ማኅበሩ በዚያን ጊዜ ከተመሠረተ መቶ ዓመት እንኳ አልሞላውም። መሥራቹ ቅዱስ ዶሚኒክ ተከታዮቹን የሰበሰበው በደቡብ ፈረንሳይ የተስፋፉትን መናፍቃን በስብከት ለመመለስ ነበር። ከ1230ዎቹ ጀምሮ ግን ርዕሳነ ሊቃነ ጳጳሳት መናፍቃንን የመመርመርና የመፍረድ ሥልጣን በብዛት ለዚሁ ማኅበር መነኮሳት ስለሰጡ፣ የሰባኪው ማኅበር የዳኞች ማኅበርም ሆነ።

በርናር በሞንፔሊዬ ነገረ መለኮት ተማረ፤ ለተወሰኑ ዓመታትም አስተማረ። ከዚያ በ1294 የአልቢ፣ በ1297 የካርካሶን፣ በ1301 የካስትር፣ በ1305 ደግሞ መጀመሪያ የመነኮሰበት የሊሞዥ ገዳም አለቃ ሆኖ ተሾመ። በየሄደበት ገዳም የቆዩ ሰነዶችን እየፈለገ ስለ ገዳሙ አመሠራረትና ስለ አለቆቹ ዝርዝር ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ኋላ በመርማሪነቱ የሚታየው ጠባይ፣ ማለትም ስምን፣ ቀንንና ቦታን ሳያረጋግጡ አለመጻፍ፣ በዚህ ሥራ የተለማመደው ይመስላል።

የካርካሶን ዓመታት

በርናር አለቃ ሆኖ የገባባት ካርካሶን ዶሚኒካውያን የሚወደዱባት ከተማ አልነበረችም። የከተማው ሰዎች መርማሪዎቹ መዝገብ ይፈጥራሉ፣ ንጹሐንን ያስራሉ፣ የሞቱ ዘመዶቻችንን ሳይቀር ይወነጅላሉ እያሉ ለንጉሡም ለሮምም አቤት ይሉ ነበር። በእርግጥም ከመዝገብ ውስጥ ስሙ የተገኘ ሰው በሕይወት ባይኖርም ሊከሰስ ይችላል። የሞተ ሰው መናፍቅ ነበር ተብሎ ሲፈረድበት ደግሞ ንብረቱ ከልጆቹ ተወስዶ ይወረሳል።

የዚህ ተቃውሞ መሪ በርናር ዴሊስዬ የተባለ ፍራንሲስካዊ መነኩሴ ነበር። በ1303 ሕዝቡን ካነሣሣ በኋላ፣ የንጉሡ መልእክተኛ የነበረው ዣን ደ ፒኪኚ እስረኞቹን ከመርማሪዎቹ እስር ቤት አውጥቶ ወደ ንጉሡ ወኅኒ እንዲዛወሩ አደረገ። በ1306 ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 5ኛ ሁለት ካርዲናሎች ልኮ የካርካሶንንና የአልቢን እስር ቤቶች አስመረመረ። ካርዲናሎቹ የእስረኞቹ አያያዝ እንዲሻሻል አዘዙ።

በርናር ጊ በዚህ ጊዜ ወደ ሌላ ገዳም ተዛውሮ ነበር፤ ነገሩን ግን አልረሳውም። በኋላ በጻፋቸው ታሪኮች ውስጥ የካርካሶን ሁከት በእምነት ጠላቶች የተቀነባበረ በመነኮሳት ላይ የተፈጸመ ስደት ሆኖ ቀርቧል። የተቃዋሚዎቹ አቤቱታ እውነት ሊኖረው ይችላል የሚል ሐሳብ በጽሑፎቹ ውስጥ አይታይም። ዴሊስዬ በ1319 ተፈርዶበት ዕድሜ ልክ ታሰረና ብዙም ሳይቆይ እስር ቤት ውስጥ ሞተ።

የቱሉዝ መርማሪ

በጃንዋሪ 1307 በርናር ጊ የቱሉዝ መርማሪ ሆኖ ተሾመ። ይህ ችሎት ብዙ ጊዜ ከስፔን ኢንኩዊዚሽንና ከመሪው ከቶማስ ደ ቶርኬማዳ ጋር ይምታታል። የስፔኑ የተቋቋመው በ1478፣ በነገሥታቱ ሥር ነው። የቱሉዙ ችሎት ግን ከእሱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ከሮም በተሰጠ ሥልጣን የሚሠራ፣ አንድ ወይም ሁለት መነኮሳት፣ ጥቂት ጸሐፍት፣ መልእክተኞችና የእስር ቤት ጠባቂዎች ብቻ የነበሩት ትንሽ ድርጅት ነበር። ሠራዊት አልነበረውም። ሰው የሚይዝለትና ሞት የተፈረደበትን የሚያቃጥልለት የንጉሡ ሹም ነው።

እንዲህ ያለች ትንሽ ችሎት አንድን ሰፊ አገር ማስጨነቅ የቻለችው በአሠራሯ ነው። መርማሪው ወደ አንድ አካባቢ ሲመጣ በፈቃዱ መጥቶ ለሚናዘዝ ሰው የምሕረት ጊዜ ያውጃል። የሚናዘዝ ሰው ግን የራሱን ጥፋት ብቻ ተናግሮ አይሄድም፤ ከማን ጋር እንደነበረ፣ ማን እንዳየ፣ ማን ዳቦ እንዳቀበለ፣ ማን ለመናፍቃን እንደሰገደ ሁሉ በመሐላ መናገር አለበት። ያልተናገረው ነገር በሌላ ሰው ቃል ከተገኘ ንስሐው ሐሰተኛ ይባላል። ስለዚህ ጎረቤቱ ምን እንዳለ የማያውቅ ሰው፣ ጎረቤቱ ሳይቀድመው ለመናገር ይጣደፋል። ተከሳሹ የከሰሱትን ሰዎች ስም አይነገረውም። ጸሐፊው የሁሉንም ቃል ይመዘግባል፤ መዝገቡ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላም ይገለጣል።

በርናር ጊ ይህን ዘዴ አልፈጠረውም፤ ከሁሉ በተሻለ የተጠቀመበት ግን እሱ ነው። በመዝገቦቹ ጠርዝ ላይ ስሞችንና ቦታዎችን ለማግኘት የሚረዱ ምልክቶችና ማውጫዎች እንዲኖሩ ያደርግ ነበር። አንድ ገበሬ ዛሬ የሚሰጠውን ቃል አባቱ በወጣትነቱ ከሰጠው ቃል ጋር ማስተያየት ይቻል ነበር።

የኦቲዬ ጉዳይ

በርናር ሥራውን ሲጀምር የካታሮች እምነት በላንግዶክ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ካታሮች ሁለት ኃይሎች፣ መልካሙና ክፉው፣ እንዳሉና የሚታየው ዓለም የክፉው ሥራ እንደሆነ ያምኑ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ምሥጢራት አይቀበሉም። ፍጹማን የሚባሉት መሪዎቻቸው ሥጋ አይበሉም፣ አያገቡም፣ አይዋሹም፤ ተከታዮቻቸው ደግሞ በሞታቸው ሰዓት በእነዚህ ፍጹማን እጅ ተጭኖላቸው ነፍሳቸው እንድትድን ይመኛሉ።

ይህን እምነት ለመጨረሻ ጊዜ ያነቃቃው ፔየር ኦቲዬ ነው። ኦቲዬ በፒሬኔ ተራሮች ሥር ባለችው በአክስ ከተማ የታወቀና የተደላደለ ውል ጸሐፊ ነበር። በዕድሜው ከገፋ በኋላ ሀብቱን ትቶ ከወንድሙ ከጊዬም ጋር ወደ ሰሜን ጣሊያን ሄደ። እዚያ ከነበሩ ካታሮች እምነቱን ተቀብሎ በ1300 ገደማ ተመለሰ። ለአሥር ዓመታት ያህል ሌሊት ሌሊት ከቤት ወደ ቤት እየዞረ፣ በጎተራና በጣሪያ ሥር እየተደበቀ ሰበከ።

በ1309 በርናር ጊ ምእመናን ሁሉ ኦቲዬንና ሁለት ጓደኞቹን ፈልገው እንዲያስይዙ የሚያዝዝ ደብዳቤ በየአብያተ ክርስቲያናቱ አስነበበ። በዚያው ዓመት ኦቲዬ ተያዘ። ወዲያው አልተገደለም፤ ለወራት ታስሮ ቃሉን ሰጠ። መርማሪው ከሞቱ በፊት የሚፈልገው ያስተናገዱትን ሰዎች ስም ነበር። በአፕሪል 1310 ኦቲዬ በቱሉዝ በቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ፊት ለፊት በእሳት ተቃጠለ። ፍርዱን ከበርናር ጋር የሰጠው የካርካሶኑ መርማሪ ዦፍሯ ዳብሊ ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በርናር ኦቲዬን ያሳደሩትን፣ ያበሉትን፣ መንገድ ያሳዩትንና አንድ ጊዜ እንኳ ጎንበስ ብለው እጅ የነሡትን አንድ በአንድ ፈረደባቸው። ብዙዎቹ ስለ ሁለቱ ኃይሎች ትምህርት አጥርተው የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ያወቁት ነገር ቢኖር ደግ የተባለ ሰው ቤታቸው እንደመጣ፣ ዘመድ ወይም ጎረቤት አስተናግዱት እንዳላቸው ነው። በደቡብ ፈረንሳይ የመጨረሻው የታወቀ የካታር ፍጹም፣ ጊዬም ቤሊባስት፣ በናርቦን ሊቀ ጳጳስ ግዛት በ1321 ተቃጠለ።

ፍርዶቹ

ፍርድ የሚሰማው አጠቃላይ ስብከት በሚባለው ትልቅ ሥነ ሥርዓት ላይ ነበር። እሑድ ወይም በዓል ቀን ካህናቱ፣ የንጉሡ ሹማምንት፣ የከተማው ባለሥልጣናትና ሕዝቡ በካቴድራሉ ይሰበሰባሉ። መርማሪው ይሰብካል፤ ሹማምንቱ ችሎቱን ለመርዳት ይምላሉ። ከዚያ ቀኖናቸውን የጨረሱ ሰዎች ይፈታሉ፤ ቀጥሎ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ፍርዱ ይነበባል።

ቀላሉ ቀኖና ወደ ቅዱሳን ቦታዎች ሄዶ መሳለም ነው። ቀጥሎ የሚመጣው በልብስ ላይ፣ ፊትና ኋላ፣ ከቢጫ ጨርቅ የተሠራ መስቀል አድርጎ መኖር ነው። ለቅጣት የተደረገ መስቀል በመሆኑ የሚያደርገው ሰው ሥራ ለማግኘትና ልጁን ለመዳር ይቸገር ነበር። ከዚያ በላይ እስራት አለ። እስር ቤቱ ግንቡ ይባላል፤ ሰፊው ግንብ ሰው ከሰው የሚገናኝበት፣ ጠባቡ ግንብ ደግሞ እግር በሰንሰለት ታስሮ ዳቦና ውሃ ብቻ የሚሰጥበት ነው። እምነቴን አልተውም ያለ ወይም ከተናዘዘ በኋላ ተመልሶ የተገኘ ሰው ለንጉሡ ሹም ተላልፎ ይሰጣል፤ ትርጉሙ በእሳት መቃጠል ነው። ቤተ ክርስቲያን ደም አታፈስም ስለሚባል የፍርዱ ቃል ሹሙ እንዲራራ የሚለምን ሐረግ ይጨመርበታል። ሹሙ ቢራራ ግን እሱ ራሱ በመናፍቃን ረዳትነት ይከሰስ ነበር።

የበርናር የፍርድ መዝገብ ከ1308 እስከ 1323 ያለውን ይይዛል። በመዝገቡ ውስጥ ከ600 በላይ ሰዎች ላይ የተሰጡ ውሳኔዎች አሉ። አንድ ሰው መጀመሪያ ሲፈረድበት፣ በኋላ ቅጣቱ ሲቀነስለት ወይም ሲፈታ እየተደጋገመ ስለሚጻፍ፣ ውሳኔዎቹን አንድ በአንድ የቆጠሩ ሰዎች ከ900 በላይ ያደርሷቸዋል። ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ 40 ያህሉ በሕይወት እያሉ ተቃጥለዋል። ግማሽ ያህሉ ለእስራት ተዳርገዋል። ከሞቱ በኋላ የተፈረደባቸውም ብዙ ናቸው፤ አጥንታቸው ከመቃብር ወጥቶ ተቃጥሏል፣ የተሰበሰቡባቸው ቤቶችም ፈርሰዋል።

ቁጥሩ ለሁለት ተቃራኒ ክርክሮች ይጠቀሳል። አንዱ ወገን ከአሥራ አምስት ሰው አንድ ብቻ መቃጠሉን አንሥቶ መርማሪው የሚባለውን ያህል ጨካኝ አልነበረም ይላል። ይህ ክርክር መርማሪው ራሱ በሚያስብበት መንገድ የሚቆጥር ነው። ለበርናር መቃጠል የሽንፈት ምልክት ነበር፤ ነፍሱ ጠፍታለች፣ ከእንግዲህም የሚያውቃቸውን ሰዎች ስም አይናገርም። የታሰረና ቢጫ መስቀል ያደረገ ሰው ግን ለዓመታት ለመንደሩ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይቆያል። የሥርዓቱን ክብደት በእሳቱ ብቻ የሚመዝን ሰው አብዛኛውን ይስተዋል።

ስለ ማሠቃየትም መናገር ያስፈልጋል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሴንት 4ኛ በ1252 ተከሳሽን በማሠቃየት ማናዘዝን ፈቅዶ ስለነበር በርናር ይህን የማድረግ ሥልጣን ነበረው። በፍርድ መዝገቡ ውስጥ ግን ስለዚህ የሚናገሩ ቦታዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። በሥቃይ የተገኘ ቃል ተከሳሹ ቆይቶ በፈቃዱ ካልደገመው ስለማይጸና፣ መዝገቡ በፈቃዱ ተናዘዘ ብቻ ብሎ ማለፉ አያስገርምም። ያም ሆኖ ከጽሑፎቹ የሚታየው ከሁሉ በላይ የሚተማመንበት መሣሪያ ጊዜ መሆኑን ነው። ቃሉን አልሰጥም ያለ ሰው ታስሮ፣ ምግቡ ቀንሶ፣ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ቀሌምንጦስ 5ኛ በቪዬን ጉባኤ መርማሪዎች ያለ አገሩ ጳጳስ ስምምነት ሰው እንዳያሠቃዩና በከባድ እስር እንዳያቆዩ የሚገድብ ሕግ ሲያወጣ፣ በርናር ሕጉ ሥራን ያደናቅፋል ብሎ በጽሑፍ ቅሬታውን ገለጸ።

ችሎቱ የሚመለከተው መናፍቃን የተባሉ ክርስቲያኖችን ቢሆንም፣ አይሁድም ከእሱ አላመለጡም። በ1319 በርናር ሁለት ጋሪ ሙሉ የታልሙድ ቅጂዎች በቱሉዝ ጎዳናዎች ከዞሩ በኋላ በአደባባይ እንዲቃጠሉ አደረገ። ተጠምቀው ወደ አይሁድነት የተመለሱ ሰዎችም እንደ መናፍቃን ይከሰሱ ነበር።

የመርማሪዎች መመሪያ

በርናር በሥራው መጨረሻ አካባቢ፣ በ1323 እና በ1324 ገደማ፣ ለተተኪዎቹ የሚሆን ትልቅ መመሪያ አዘጋጀ። መጽሐፉ አምስት ክፍሎች አሉት። ሦስቱ የመጥሪያ፣ የምሕረትና የፍርድ ደብዳቤዎች ቅጾች ናቸው፤ ስሙን ብቻ ቀይሮ ለመገልገል የተዘጋጁ። አራተኛው የመርማሪውን ሥልጣን የሚዘረዝር ነው። ዝናን ያተረፈው አምስተኛው ክፍል ስለ ካታሮች፣ ስለ ዋልዴንሳውያን፣ ሐሰተኛ ሐዋርያት ስለሚላቸው ወገኖች፣ ስለ ቤጊኖች፣ ስለ አይሁድ እንዲሁም ስለ ጠንቋዮች ተራ በተራ ይገልጻል። እያንዳንዱ ወገን ምን እንደሚያምን፣ እንዴት እንደሚሰላምና እንደሚጸልይ፣ ሲጠየቅ እንዴት እንደሚያመልጥና ምን ተብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያስረዳል።

ጥያቄዎቹ ለየወገኑ የተለያዩ ናቸው። ዋልዴንሳውያን ለምሳሌ መማል ኃጢአት ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ለእነሱ ፈተናው የሚጀምረው ከጥያቄው በፊት፣ ማል ሲባሉ ነው። ቤጊኖች ደግሞ በፍራንሲስካዊው ሊቅ በፔየር ዮሐን ኦሊቪ ትምህርት የተመሰጡ፣ ድህነትን የሚያከብሩ ምእመናን ነበሩ። እነሱን ለመለየት መርማሪው ስለ ክርስቶስ ድህነትና ስለ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሥልጣን ይጠይቃል።

በርናር በዚህ መጽሐፍ ሁሉንም ነገር ራሱ አላመነጨም። ስለ ዋልዴንሳውያን የማምለጫ መልሶች የጻፈውን አብዛኛውን ከቀደመ የጀርመን አገር ጽሑፍ ወስዶታል። ስለዚህ መመሪያው የዓይን ምስክርነት ብቻ አይደለም፤ ከመጽሐፍ የተቀዳ ግምትም ይዟል። ተመራማሪዎች ሁለቱን ለመለየት ዛሬም ይደክማሉ። ጥሩ መርማሪ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበትም ይገልጻል። በቁጣ የማይነድ፣ በስንፍና የማይቀዘቅዝ፣ የሰማውን ሁሉ ፈጥኖ የማያምን፣ የማይመስለውን ሁሉ ፈጥኖ የማይጥል እንዲሆን ይፈልጋል። በርናር ራሱን ያየው እንዲህ ባለ መልክ መሆኑ አያጠራጥርም።

የታሪክ ጸሐፊው

በርናር ከምርመራ ሥራው ጎን ለጎን ያለማቋረጥ ይጽፍ ነበር። ከክርስቶስ ልደት እስከ ራሱ ዘመን ያለውን ታሪክ በርዕሳነ ሊቃነ ጳጳሳት ዘመን ከፋፍሎ የያዘው «የታሪኮች አበቦች» የተባለው መጽሐፉ በመካከለኛው ዘመን በሰፊው ተነብቧል፤ ኋላም ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጉሟል። የፈረንሳይን ነገሥታት የትውልድ ሐረግ፣ የዶሚኒካን ገዳማትን ታሪክና የቅዱሳንን ገድል የያዘ ትልቅ ስብስብም ጽፏል። ቶማስ አኩዊናስ በ1323 ቅዱስ ተብሎ በታወጀበት ጊዜ አካባቢ የእሱንም ገድል አዘጋጀ።

ፈጣሪ ጸሐፊ አልነበረም። የሚያኮራው ነገር ሁለት ምንጮች ሲጣሉ ማስተያየቱና አዲስ መረጃ ባገኘ ቁጥር የጻፈውን ማረሙ ነው። ፈረንሳዊው የብራና ሊቅ ሊዮፖልድ ዴሊል በ1879 ባሳተመው ጥናት የበርናርን ብራናዎች አንድ በአንድ መርምሮ ይህን አሳይቷል። በአንድ በኩል የነገሥታትን ቀን በጥንቃቄ የሚያጣራው እጅና በሌላ በኩል የመንደር ሴት ለማን እንደሰገደች የሚያጣራው እጅ አንድ ነበር።

በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 22ኛ ዘንድ ሞገስ ነበረው። በ1317 ከፍራንሲስካዊው ከቤርትራን ደ ላ ቱር ጋር በሰሜን ጣሊያን የሚዋጉትን ከተሞች እንዲያስታርቅ ተላከ፤ ቀጥሎም በፈረንሳይ ንጉሥና በፍላንደርስ መካከል ለነበረው ጠብ ተላከ። የጣሊያኑ ጉዞ ሰላም አላመጣም።

ጵጵስናና ሞት

በ1323 በስፔን በጋሊሲያ የምትገኘው የቱይ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ በዓመቱ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ወደ ሎዴቭ ተዛወረ። የመርማሪነት ሥራው በዚህ አበቃ። በሎዴቭም የሀገረ ስብከቱን የመብትና የንብረት ሰነዶች ሰብስቦ በሥርዓት አስጻፈ። ዲሴምበር 30 ቀን 1331 በሎሩ በነበረው የጵጵስና መኖሪያ ሞተ፤ ሥጋው ወደ ሊሞዥ ተወስዶ በዶሚኒካውያን ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

በልብ ወለድና በፊልም

መርማሪን ክፉ ሰው አድርጎ ማቅረብ በአውሮፓ ልብ ወለድ የቆየ ልማድ ነው። የእንግሊዟ አን ራድክሊፍ በ1797፣ አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በ1842 ባሳተሟቸው ሥራዎች የኢንኩዊዚሽኑ ጨለማ ክፍል ዋና የፍርሃት ቦታ ነው። ዶስቶየቭስኪ በ«ካራማዞቭ ወንድማማቾች» ውስጥ ያመጣው ታላቁ መርማሪ ደግሞ ጥልቅ ሐሳብ ያለው ሽማግሌ ነው። እነዚህ ሁሉ በአብዛኛው የፈጠራ ሰዎች ናቸው። ኤኮ የተለየው እውነተኛ ሰው በስሙ በማምጣቱ ነው።

«የጽጌረዳ ስም» በኖቬምበር 1327 በሰሜን ጣሊያን ተራሮች ላይ ባለ ገዳም ውስጥ የሚፈጸም የግድያ ምርመራ ታሪክ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዊልያም የተባለ እንግሊዛዊ ፍራንሲስካዊ፣ እሱ ራሱ ቀድሞ መርማሪ የነበረና ሥራውን የተወ ነው። በርናር ጊ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን ልዑካን ጠባቂዎች እየመራ ይመጣና የገዳሙን መጋቢ ሬሚጂዮን፣ ሳልቫቶሬ የተባለውን ጓደኛውንና አንዲት ድሃ የገጠር ልጅ ይይዛል። ሬሚጂዮ በወጣትነቱ በ1307 በሰሜን ጣሊያን የተገደለው የፍራ ዶልቺኖ ተከታይ ነበር። የዶልቺኖ ወገኖች በርናር በመመሪያው ሐሰተኛ ሐዋርያት ብሎ የገለጻቸው ናቸው። ስለ እነሱ ለብቻው የጻፈውም ነገር ስላለ፣ ኤኮ ለዚህ ቦታ እሱን መምረጡ የዕውቀት ምርጫ ነው።

የታሪኩ ቀን ግን ከእውነቱ ጋር አይሄድም። በ1327 በርናር የሎዴቭ ጳጳስ እንጂ መርማሪ አልነበረም። ይህን ትተን ልብ ወለዱን በጥንቃቄ ካነበብነው ኤኮ ከእውነተኛው ሰው ብዙ አልራቀም። በገዳሙ ጉባኤ አዳራሽ በሚደረገው ችሎት መርማሪው አይጮኽም፤ ዝም ይላል፣ ሰነድ ያገላብጣል፣ ተከሳሹ በራሱ ፍርሃት እስኪወድቅ ይጠብቃል። ሬሚጂዮ የሚሰበረው ሊሠቃይ እንደሆነ ሲያውቅ ነው፤ ያልፈጸማቸውንም ግድያዎች ሁሉ ፈጽሜአለሁ ብሎ ይናዘዛል። በርናርም ያገኘውን ኑዛዜ ይዞ ይሄዳል። እውነተኛው ገዳይ ሌላ ሰው ነው፤ መርማሪው ግን የፈለገው የግድያውን እውነት ሳይሆን የፍራንሲስካውያኑን ክርክር የሚያዳክም መናፍቅ ነበር።

በ1986 ዣን ዣክ አኖ ባዘጋጀው ፊልም ውስጥ ገጸ ባሕርዩ ተለወጠ። ዊልያምን ሾን ኮነሪ፣ በርናር ጊን ኤፍ. መሪ ኤብርሃም ተጫውተውታል። ኤብርሃም ከሁለት ዓመት በፊት በ«አማዴዎስ» ፊልም አንቶኒዮ ሳሊየሪን፣ ማለትም ሌላ እውነተኛ ሰው በክፉነት ተሥሎ፣ ተጫውቶ ኦስካር ያገኘ ነው። ፊልሙ በዊልያምና በበርናር መካከል የቆየ ቂም ጨመረ። በመጨረሻም የተቆጣ የገበሬ ሕዝብ የበርናርን ሠረገላ ገደል ገፍቶት በማሠቃያ መሣሪያዎቹ ላይ ወድቆ ይሞታል፤ ልጅቷም ትድናለች። በልብ ወለዱ ውስጥ እንዲህ የሚል ነገር የለም። መርማሪው በደህና ይሄዳል፤ ልጅቷን የሚያድናት ሰው አይገኝም። በ2019 የተሠራው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ ደግሞ ሩፐርት ኤቨረት በርናርን፣ ጆን ቱርቱሮ ዊልያምን ሆነው ቀርበዋል።

የፊልሙ ፍጻሜ ተመልካችን ያረካል። የቱሉዝ አካባቢ ገበሬዎች ታሪክ ግን ሌላ ነው። በእነሱ ላይ የደረሰው ነገር በአንድ ክፉ ሰው መሞት የሚያበቃ አልነበረም፤ በርናር ወደ ጵጵስና ሲሄድ ወንበሩን ሌላ ዶሚኒካዊ ወረሰው፣ መዝገቦቹም ተተኪውን ጠበቁት።

የፍርድ መዝገቡ ዕጣ

የበርናር የፍርድ መዝገብ ከቱሉዝ ወጥቶ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንድ ደረሰ። በአምስተርዳም ፊሊፕ ቫን ሊምቦርክ የተባለ ፕሮቴስታንት የነገረ መለኮት ሊቅ ስለ ኢንኩዊዚሽን በጻፈው ታሪክ መጨረሻ ላይ አያይዞ በ1692 አሳተመው። ሊምቦርክ የእንግሊዛዊው ፈላስፋ የጆን ሎክ የቅርብ ወዳጅ ነበር፤ ሎክ በ1689 የታተመውን የሃይማኖት መቻቻል ደብዳቤውን የጻፈው ለእሱ ነው። ብራናው ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። የመርማሪዎቹ መመሪያም በ1886 በሴለስታን ዱዌ ታትሟል። የፍርድ መዝገቡ ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር በ2002 በፓሪስ በሁለት ቅጽ ሲወጣ፣ የተፈረደባቸው ሰዎች ስም፣ የመጡበት መንደርና ያስጠረጠራቸው ነገር በርናር ባስጻፈበት ቅደም ተከተል አብሮ ወጥቷል።